ውጊያ ማመጣጠን ለጀማሪ ጌም ማስተር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ሐዋሳ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበን ዲኤንዲ (ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ሁሉም የራሱን ካራክተር ማለትም ገጸ ባህሪ ይዞ በዳይስ ሚጫወተው የታሪክ ጌም፣ ታሪኩን ሚመራውና ጭራቆቹን ሚያጫውተው ሰው ጌም ማስተር ይባላል) እንጫወታለን፣ ከኛ ጠረጴዛ ተነስተው የራሳቸውን ግሩፕ የጀመሩ ልጆችም አሉ፣ እና አርብ ማታ ስልኬ ላይ ሚገባው ሜሴጅ ሁሌም አንድ አይነት ነው፦ «ነገ ስንት ጎብሊን ላምጣ?» «አንድ ኦግር ይበዛባቸዋል እንዴ?» ምናምን (ጎብሊን ትንሹ ጭራቅ ነው፣ ኦግር ግዙፉ)። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። ቁጥሮቹ በ2014 ከወጣው 5ኛው እትም ናቸው፣ የ2024ቱ እትም ሚለይበት ቦታ ላይ እናገራለሁ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)።

ባላንስ ማለት ሁለቱም ወገን እኩል ጉልበት አለው ማለት ነው?

አይደለም፣ ይሄን መጀመሪያ ከጭንቅላታችሁ አውጡት። እኩል ለእኩል ከሆኑ ተጫዋቾቹ የማሸነፍ እድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው፣ እንደዛ አይነት ውጊያ አምስት ጊዜ በተከታታይ የማለፍ እድላቸው ደግሞ ከ32 አንድ ብቻ ነው፣ ታሪኩ ሳይሞቅ ሁሉም አልቀው ቁጭ ማለት ነው። ጌሙ የተሰራው ተጫዋቾቹ አብዛኛውን ውጊያ እንዲያሸንፉ ተደርጎ ነው፣ ጥያቄው ምን ከፍለው ያሸንፋሉ ነው፦ ስንት ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ)፣ ስንት ስፔል (አስማት)፣ ስንት ጠርሙስ ፈውስ።

እኔ ማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በአንድ ራውንድ (ሁሉም ተራ ሚያገኝበት አንድ ዙር) ውስጥ በነሱ በኩል ስንት ተራ አለ በጭራቆቹ በኩል ስንት ተራ አለ። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ ዳይሱ ከመወርወሩ በፊት አደጋውን ማየት ይችል ነበር ወይ። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያውን የቱንም ያህል አሳምራችሁ ብታሰሉት ሰው «ተበደልኩ» ብሎ ነው ወደ ቤቱ ሚሄደው።

የኤክስፒ ሂሳቡ እንዴት ነው ሚሰራው? ሳነበው ግራ ገባኝ

ኤክስፒ ጭራቅ ሲያሸንፉ ሚያገኙት ነጥብ ነው፣ የውጊያውን ክብደትም ምንለካው በሱ ነው። በምሳሌ ልስራው። አራት ተጫዋች አላችሁ፣ ሁሉም ሌቭል 1 (የመጀመሪያው ደረጃ)። በ2014ቱ ሰንጠረዥ ለአንድ ሌቭል 1 ካራክተር ቀላል ውጊያ 25 ኤክስፒ፣ መካከለኛ 50፣ ከባድ 75፣ ገዳይ 100 ነው። በአራት ስታባዙት 100፣ 200፣ 300፣ 400 ይመጣል። ጎብሊን አንዱ 50 ኤክስፒ ነው፣ አራት ጎብሊን 200። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ሚዘለው ነገር አለ፣ ጭራቆቹ ሲበዙ ድምሩን እንደገና ማባዛት አለባችሁ፦ ሁለት ከሆኑ በ1.5፣ ከሦስት እስከ ስድስት ከሆኑ በ2፣ ከሰባት እስከ አስር ከሆኑ በ2.5። ስለዚህ አራቱ ጎብሊን 400 ሆኑ፣ ገዳይ ሚባለው መስመር ላይ ደረሱ ማለት ነው። ሦስት ጎብሊን 300 ነው፣ ከባድ። ሁለት ጎብሊን 150፣ በቀላልና በመካከለኛ መሃል። ማባዣው ክብደቱን ለመለካት ብቻ ነው፣ ካሸነፉ በኋላ ምትሰጧቸው ኤክስፒ ያልተባዛው ነው።

የ2024ቱ ላይ ማባዣው የለም፣ ደረጃዎቹም ሦስት ሆነዋል፣ ለሌቭል 1 ካራክተር ዝቅተኛ 50፣ መካከለኛ 75፣ ከፍተኛ 100። በዚህ ሂሳብ እነዛው አራት ጎብሊኖች 200 ናቸው፣ ዝቅተኛ። አንዱ ገዳይ ያለውን ሌላው ዝቅተኛ ይለዋል! የቱን ልመን ላላችሁኝ፣ ሌቭል 1 እና 2 ላይ የድሮውን ጥንቃቄ ያዙ፣ ምክንያቱም እዛ ሌቭል ላይ ጠንካራው ፋይተር (ተዋጊው) ራሱ ያለው ኤችፒ 12 አካባቢ ነው፣ ሁለት ሦስት ምት ነው። ከሌቭል 3 በኋላ በአዲሱ ብትሰሩ ይሻላል፣ ፈጣን ነው ጭንቅላት አያዞርም።

ሰንጠረዡ «ቀላል» ብሎኝ ልጆቹ ለምን ሊያልቁ ደረሱ?

ብዙ ጊዜ መልሱ የተራ ብዛት ነው። በጅብ ላሳያችሁ፣ ማታ ድምፁን እየሰማን ነው ያደግነው እና ሁሉም ሰው ታሪኩ ውስጥ ጅብ ማስገባት ይፈልጋል። ጅብ በጌሙ በጣም ደካማ ነው፣ ኤችፒው 5፣ አንዱ 10 ኤክስፒ ብቻ። ስድስት ብታመጡ 60፣ በ2 ሲባዛ 120፣ ለአራት ሌቭል 1 ካራክተሮች «ቀላል» ነው። ግን ጅብ ከሚነክሰው ሰው አጠገብ ሌላ ጅብ ካለ ሁለት ዳይስ ወርውሮ ትልቁን ነው ሚወስደው። ኤሲው (እንዳይመታ ሚከላከልበት ቁጥር) 13 የሆነ ካራክተር ላይ ባዶውን 50% ሚመታው በዚህ 75% ይሆናል። ስድስቱ በአንድ ራውንድ አራት ተኩል ያህል ንክሻ ያሳርፋሉ፣ አንዱ ንክሻ በአማካይ 3.5 ነው፣ ወደ 16 ጉዳት ማለት ነው። የአራቱ ልጆች ኤችፒ ተደምሮ (ፋይተር 12፣ ፈዋሹ ክለሪክ 10፣ ሌባው ሮግ 9፣ አስማተኛው ዊዛርድ 7) 38 ነው። በአንድ ራውንድ 40 ፐርሰንቱ ሄደ፣ ያውም «ቀላል» በተባለው!

እና ምን ይደረግ? ጅቦቹን አትቀንሱ፣ ክፈሏቸው። ሦስቱ መጀመሪያ ይምጡ፣ ሦስቱ ከጨለማው ዓይናቸው እያበራ ይዙር፣ በሦስተኛው ራውንድ ላይ ልጆቹ ያሉበትን ሁኔታ አይታችሁ ታስገባላችሁ ወይ ታስቀራላችሁ። ደግሞ ጅብ ጅብ ነው፣ ሁለቱ ከሞቱ የቀሩት ይሸሻሉ። አብዛኛው እንስሳ እስከ መጨረሻው አይዋጋም።

አንድ ትልቅ ጭራቅ ብቻ ባመጣስ? ተራው ያንሳል አይደል?

ተራው ያንሳል፣ ግን እያንዳንዱ ምት ይከብዳል፣ ዝቅ ባለ ሌቭል ላይ ደግሞ ይሄ ከብዛት የባሰ ነው። እኔ የተማርኩት በሰው ኪሳራ ስለሆነ በደንብ ልንገራችሁ።

ጌም ማስተር በሆንኩ በሁለተኛው ቅዳሜ ድልድይ ስር አንድ ኦግር አስቀመጥኩ። ኦግር 450 ኤክስፒ ነው፣ የገዳይ መስመር ደግሞ 400፣ ትንሽ ነው ሚበልጠው ብዬ አለፍኩት። ኤችፒው 59 ነው፣ ልጆቹ በአንድ ራውንድ ሚያደርሱት ጉዳት በአማካይ 17 አካባቢ፣ ስለዚህ ውጊያው ሦስት አራት ራውንድ ይፈጃል፣ በየራውንዱ ኦግሩ አንዴ ይመታል፣ ሲመታ በአማካይ 13። ይሄን ሂሳብ ያኔ አልሰራሁትም። አንዷ ጓደኛችን ዊዛርዷን ይዛ ከድንጋይ ኋላ ብቅ አለች፣ ኤችፒ 7። ኦግሩ ዞሮ መታ፣ ሁለቱን ባለ ስምንት ዳይስ ወረወርኩ፣ 7 እና 6፣ በዛ ላይ 4፣ ድምር 17። ኤችፒዋ ዜሮ ገብቶ 10 ተረፈ። ህጉ ደግሞ የተረፈው ጉዳት የካራክተሩን ሙሉ ኤችፒ ካከለ ወይ ከበለጠ ወዲያው ሞት ነው ይላል፣ የሞት መከላከያ ዳይስ እንኳን አትወረውርም። የዊዛርዱን ታሪክ ሙሉ ሳምንት ቁጭ ብላ በእጇ ደብተር ላይ ጽፋው ነበር፣ አራት ገጽ። ደብተሩን ዘጋችው። ማንም ምንም አላለም።

ከዛ ወዲህ ትልቅ ጭራቅ ላይ መጀመሪያ ማየው «አንዱ ምት የደካማውን ልጅ ሙሉ ኤችፒ እጥፍ ይደርሳል ወይ?» ነው። ከደረሰ ለዛ ሌቭል አይሆንም፣ ወይ ዱላውን ቀንሱ። ሌቭል 3 ሲደርሱ ያው ኦግር ጥሩ ውጊያ ነው። እንደውም ያኔ ችግሩ ይገለበጣል፣ አራት ሰው በአንድ ላይ ሲረባረቡበት ሁለት ሦስት ራውንድ አይቆይም፣ ስለዚህ አለቃ ብቻውን እንዳይቆም አጃቢ ስጡት፣ ወይም በአንድ ራውንድ ሁለት ጊዜ ተራ ይድረሰው። ትልልቆቹ ድራጎኖች በሌሎች ተራ መሃል ሚጠቀሙበት ተጨማሪ እርምጃ የተሰጣቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

አደጋውን ቀድሜ እንዴት ነው ማሳየው? ምስጢሩ አይበላሽም?

አይበላሽም፣ ያምራል። ሐዋሳ ልጅ ከሆናችሁ ጉማሬን አስቡ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ጀልባ የሚነዱት ልጆች ጉማሬ ሲያዩ ዝም ብለው አይጠጉም፣ ሞተሩን ቀንሰው ርቀት ይዘው ነው ሚያሳዩህ፣ በጉማሬውና በውሃው መሃል መግባት ሞት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማንም ሰው ጉማሬ «ባላንስድ አይደለም» ብሎ አያማርርም፣ ምክንያቱም አፉን ሲከፍት አይተኸዋል፣ ቀድመህ ወስነሃል።

አንድ ቅዳሜ ይሄንኑ ተጠቀምኩበት። የኦግርን ቁጥር እንዳለ ወስጄ «ጉማሬ» አልኩት (ስም ቀይሮ ያንኑ ቁጥር መጠቀም ይፈቀዳል፣ ተለማመዱት፣ ብዙ ሥራ ይቀንሳል)። ሌቭል 2 ነበሩ። መጀመሪያ ቄጠማው ላይ የተገለበጠች ጀልባ፣ ጎኗ ተሰብሯል። ከዛ ጭቃው ላይ የእግር ዱካ። ከዛ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ «ልጆቼ በዛ በኩል አትሂዱ፣ ግልገል አላት» ይላቸዋል። ሦስት ምልክት፣ ሁሌም ሦስት አድርጉ፣ አንዱን ወሬ ላይ ሆነው ይስቱታል አንዱን ይረሱታል። ልጆቹ ግማሽ ሰዓት ተከራክረው በመጨረሻ ሣር በጀርባቸው አዝለው ጉማሬዋን ወደ ሌላ አቅጣጫ አባብለው አለፉ፣ አንድም ዳይስ ለውጊያ አልተወረወረም፣ ግን እስከዛሬ ሚያወሩት ውጊያ እሱ ነው።

መውጫም ይኑር። በሩን ዘግታችሁ ጠንካራ ጭራቅ ካስገባችሁ ምልክቱ ምንም አይጠቅማቸውም።

ልጆቹ እየተሸነፉ ሳለ ዳይሱን ደብቄ ብዋሽላቸውስ?

እኔ አልስማማም። ብዙ ጥሩ ጌም ማስተሮች ያደርጉታል፣ አውቃለሁ፣ ከነሱ ጋር ተከራክሬያለሁ። ግን አንዴ ከታወቀባችሁ ከዛ በኋላ ያሸነፉት ሁሉ ይረክስባቸዋል፣ እና ይታወቃል፣ ጓደኞቻችሁ ናቸው ፊታችሁን ያነባሉ። እኔ ዳይሱን ጠረጴዛው መሃል በግልጽ ነው ምወረውረው። ማስተካከል ከፈለጋችሁ ዳይሱ ውስጥ ሳይሆን ጭራቁ አእምሮ ውስጥ አስተካክሉ፦ ጎብሊኑ የወደቀውን ልጅ ከመግደል ቦርሳውን ነጥቆ ይሩጥ፣ ኦግሩ ሰው ይዞ «ምግብ አምጡ» ብሎ ይደራደር፣ ሁለተኛው ዙር ጅብ አይምጣ። ይሄ ውሸት አይደለም፣ ታሪክ ነው። እንደዚህ ማድረግ ምትችሉት ግን ጭራቁ ምን እንደሚፈልግ ቀድማችሁ ካወቃችሁ ነው፣ ስለዚህ ስትዘጋጁ ከኤችፒው ጎን «ምን ይፈልጋል» ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉ።

ከባድ ያልኩት ውጊያ ሁሌ ቀላል ይሆንባቸዋል፣ ለምን?

በአንድ ሴሽን አንድ ውጊያ ብቻ ስለምታደርጉ ነዋ። የ2014ቱ ሂሳብ የተሰራው ልጆቹ በጌሙ አንድ ቀን ውስጥ ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይ ከባድ ውጊያ ያያሉ በሚል ነው። አንድ ብቻ ካለ ሁሉም ሰው ያለውን ስፔል በሙሉ እዛው ያራግፋል፣ ለነገ ሚቆጥብበት ምክንያት የለውም። እኛ ደግሞ ስምንት ሰዓት ጀምረን 12 ሰዓት ላይ ግማሹ ታክሲ ሳይጠፋ ልሂድ ይላል፣ አራት ሰዓት ነው ያለን፣ ስድስት ውጊያ ከየት ይመጣል?

መፍትሄው ሴሽኑ ሲያልቅ ሎንግ ረስት (ኤችፒና ስፔል ሚመልሰውን ረጅም እረፍት) አለመስጠት ነው። ቅዳሜ ቤታችሁ ሄዳችሁ ብትተኙም ካራክተሮቹ አልተኙም፣ ዋሻው ውስጥ ናቸው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዛው ኤችፒ ከዛው ስፔል ነው ሚቀጥሉት። ሎንግ ረስት ስምንት ሰዓት ሰላም ያለው ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታው ከሌለ የለም። ሲዘጉ ሁሉም ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ግሩፑ ላይ ይላክ፣ አለበለዚያ «እኔ እኮ 9 ነበረኝ» ክርክር ይመጣል።

ተጫዋቾቼ ሁለት ብቻ ናቸው / ስድስት ናቸው

ከሦስት ካነሱ ማባዣውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ፣ ስድስትና ከዛ በላይ ከሆኑ አንድ ደረጃ ዝቅ። ለሁለት ሰው እኔ ፈውስ ሚችል አንድ ረዳት ካራክተር እጨምራለሁ፣ ግን ውጊያው ላይ ተራውን ለተጫዋቾቹ ስጧቸው እነሱ ይወስኑለት።

ሌቭል 5 ሲደርሱ ነገሩ ሁሉ ተበላሸብኝ

አልተበላሸም፣ ዘለሉ። ሌቭል 5 ላይ ፋይተሩ በአንድ ተራ ሁለቴ ይመታል፣ ዊዛርዱ ፋየርቦል (የእሳት ኳስ) ያገኛል፣ ስምንት ባለ ስድስት ዳይስ፣ በአማካይ 28 ጉዳት ክቡ ውስጥ ላለው ሁሉ (በዳይስ የተከላከለው ግማሹን)። አስር ጎብሊን አንድ ላይ ካቆማችሁ በአንድ ስፔል አመድ ናቸው። ይቁሙ ግን ተበትነው፣ ግማሹ ጣራ ላይ ግማሹ ከግድግዳ ኋላ። አንዳንዴ ደግሞ ሆን ብላችሁ አንድ ላይ አቁሟቸው፣ ልጁ ያንን ስፔል ለማግኘት ወራት ጠብቋል፣ ይደሰትበት።

ዳይስና አሻንጉሊት ከየት ታመጣላችሁ? መጽሐፉስ?

ዳይስ ከውጭ ሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስልኩ፣ እስከዛው ስልክ ላይ ነፃ አፕ አለ፣ ባለ ስድስቱን ከሉዶ ውሰዱ። ለጭራቅ እኛ ቆርኪ ነው ምንጠቀመው፣ የቢራ ቆርኪ ጎብሊን፣ የአምቦ ውሃ ቆርኪ ጅብ፣ ላዩ ላይ በማርከር ቁጥር ተጽፎበታል፣ ሲሞት ይገለበጣል። ከቆርኪው ስር በቆሎ እናደርጋለን፣ አንድ ፍሬ አንድ ኤችፒ፣ ጎብሊን ሰባት ፍሬ። ይሄ ነገር ለባላንስ ራሱ ይጠቅማል፣ ተጫዋቹ የበቆሎው ክምር ሲያንስ ያያል፣ ልሩጥ ወይስ ልምታ ሚለውን አይቶ ይወስናል። አንዳንዱ ጌም ማስተር የጭራቅ ኤችፒ መታየት የለበትም ይላል፣ ለአዲስ ጠረጴዛ ግን ክፍት ይሁን ባይ ነኝ። መብራት ሲጠፋም በሻማ ይቀጥላል።

መሠረታዊው ህግና የብዙዎቹ ጭራቆች ቁጥር ያለበት ሰነድ በ2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል፣ በነፃና በህጋዊ መንገድ ታወርዱታላችሁ፣ ፒያሳ አንዱ ማተሚያ ቤት የምትፈልጉትን ገጽ ብቻ ፕሪንት አስደርጉ።

ካራክተር ከሞተ ምን ላድርግ?

ጨዋታውን አቁሙ። እኔ ያን ቀን አላቆምኩም፣ «እሺ የማን ተራ ነው» ብዬ ቀጠልኩ፣ ካደረግኩት ሁሉ ሚቆጨኝ እሱ ነው። ቁሙ፣ ሻይ ይፈላ፣ ልጁ ስለ ካራክተሩ ማውራት ከፈለገ ያውራ። ከዛ ጥያቄውን ለሱ ስጡት፦ ሌላ ካራክተር ትሰራለህ ወይስ የዛሬውን ቀሪ ከጭራቆቹ አንዱን ትይዝልኛለህ? ህጉን አጥፍታችሁ ከሞት አታስነሱ፣ ግን ሞቱ ታሪኩ ውስጥ ቦታ ይኑረው፣ ይቀበር፣ ዕቃው ለሰው ይድረስ።

ጓደኛችን ሁለት ቅዳሜ ቀረች። በሦስተኛው እቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት፣ ኦግሩን ያለ ምንም ምልክት እንዳስቀመጥኩት፣ ጥፋቱ የሷ ሳይሆን የኔ እንደሆነ ነገርኳት። የዊዛርዱን እህት ይዛ ተመለሰች። አሁን ሌቭል 4 ነች፣ የወንድሟን ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች፣ ድልድይ ባየች ቁጥር መጀመሪያ ምትጠይቀኝ «ስሩ ምን ይሸታል?» ነው፣ እኔም ሁሌ እመልስላታለሁ።